ሳያመኝ ያለብኝ

በአማርኛ በሽታ ብዙውን ጊዜ የሆነ ነገር ያደርገናል። ራሴን አመመኝ፣ ሆዴን ቆረጠኝ፣ ጉንፋን ያዘኝ፣ ብርድ መታኝ እንላለን። በሽታው አድራጊ፣ እኛ ተደራጊ ነን። የደም ግፊት ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ይቀየራል። «ግፊት አመመኝ» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። «ግፊት አለብኝ» ነው የምንለው፤ ልክ ዕዳ አለብኝ፣ ቀጠሮ አለብኝ እንደምንለው።

ይሄ ቃል ብዙ አሳስቦኛል፤ ምክንያቱም እኔም አለብኝ። 28 ዓመቴ ነው። ሶፍትዌር እሠራለሁ። ጠዋት ጠዋት ከፉሪ ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት 5 ሚሊግራም አምሎዲፒን እውጣለሁ። መሥሪያ ቤት ለጤና ምርመራ ልኮን ነው የታወቀው። በተለያዩ ቀናት ደጋግመው ለኩኝ፤ ማሽኑ በየጊዜው 150 በ100 አካባቢ አለ። ሰውነቴ ደግሞ ምንም አላለም። ከሁለቱ የማንን ምስክርነት ልቀበል?

እናቴ የሰውነትን ትቀበላለች። «ልጄ፣ ሳያምህ ኪኒን ምን ይሠራልሃል? ኋላ ይለምድብሃል» ትለኛለች። ክርክሯን አልንቀውም። ዕድሜዋን ሙሉ ሰውነቷን እየሰማች ነው የኖረችው፤ ሲደክማት ታርፋለች፣ ሲያማት ትታከማለች። ችግሩ የደም ሥር ግፊት ሲበዛበት የሚጮህበት አፍ የሌለው መሆኑ ነው። ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን በዝምታ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት ከ30 እስከ 79 ዓመት ካሉ ሰዎች 1.28 ቢሊዮን ያህሉ ግፊት አለባቸው፤ ግማሽ የሚጠጉት ግን አያውቁም።

እሺ፣ ማሽኑን ልመን። ግን ማወቅ ብቻውን ግዴታ አያመጣም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሚያዝያ 1945 (እ.ኤ.አ.) አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ሲሞቱ ግፊታቸው 300 በ190 ተለክቷል። ሐኪማቸው ቁጥሩን ያውቅ ነበር፤ የሚሰጠው ሁነኛ መድኃኒት ግን አልነበረም። ያኔ ግፊት ዕጣ ፈንታ ነበር። «አለብኝ» የሚለው ቃል እውነተኛ ትርጉሙን ያገኘው ኪኒኑ ሲመጣ ይመስለኛል። መክፈያ ሲኖር ነው ዕዳ ዕዳ የሚሆነው። ለዚህም ነው ፋርማሲ ሄዶ የኪኒኑን ዋጋ ሰምቶ ባዶ እጁን የሚመለሰውን ሰው «ግዴለሽ» ማለት ግፍ የሚሆነው።

ለእኔ ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። 30 ዓመት በየቀኑ ብወስድ ወደ 11,000 ኪኒን ይሆናል። በመጨረሻ የማገኘው ምንድን ነው? ቢሳካ ምንም አይፈጠርም። በቃ፣ ምንም። በሥራዬ ኮድ አስተካክዬ መልሼ እሞክረዋለሁ፤ መሥራት አለመሥራቱን አያለሁ። እዚህ ግን ያለ ኪኒን የኖረ ሌላ እኔ የለም፤ ከማን ጋር ላወዳድር? ጄፍሪ ሮዝ የተባለ እንግሊዛዊ የሕዝብ ጤና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ይህን ተቃርኖ አንስቶት ነበር፦ ለማኅበረሰብ ብዙ የሚጠቅም መከላከል ለእያንዳንዱ ሰው የሚሰጠው ትንሽ ነው። አንዳንዱ ሰው ባይወስድም ምንም አይሆንም ነበር። ያ ሰው እኔ ልሆን እችላለሁ።

ሒሳቡን ለራሴ ብቻ ካሰላሁት ስለዚህ ላይሞላ ይችላል። ግን ዕዳ ካለ ባለዕዳም፣ ባለገንዘብም አለ። የእኔ ባለገንዘብ ማን ነው?

መልሱን ያገኘሁት አጎቴ ቤት ነው። ስትሮክ ከመታው ሦስት ዓመት ሆነው፤ ግራ ጎኑ አይታዘዝለትም። የምታጥበው፣ የምታጎርሰው፣ ሌሊት የምታገላብጠው ልጁ ናት፤ ለዚህ ብላ ሥራዋን ትታለች። ግፊቱ የእሱ ነበር፣ እየከፈለች ያለችው እሷ ናት። አጎቴን አልወቅሰውም። ተለክቶ አያውቅም፤ ያላወቁት ዕዳ ኃጢአት አይሆንም። እኔ ግን ተለክቻለሁ፣ ኪኒኑም እጄ ላይ አለ። ብወድቅ የሚያነሳኝ ሰው ደግሞ በስም የሚታወቅ ነው፤ ወይ እናቴ፣ ወይ እህቴ። የእነሱን ዓመታት አስይዤ «ምናልባት አይመታኝም» ብዬ ቁማር የመጫወት መብት ያለኝ አይመስለኝም።

ከዚህ በኋላ የኪኒኑ ትርጉም ተለወጠብኝ። በ28 ዓመቴ «በሽተኛ» የሚያሰኘኝ ምልክት ሳይሆን ማንም የማያየው፣ ማንም የማያመሰግነው ትንሽ ክፍያ ሆነ። ብዙ ደግነት እንደዚህ ነው መሰለኝ፤ ከተሳካ ወሬ አይኖረውም። ይለምድብሃል የተባለውም እውነት ነው። ይልመድብኝ።

አሁን የቀረኝ እናቴን ማስለካት ነው። «ደህና ነኝ፣ ምንም አላመመኝም» ትላለች። «እማዬ፣ እንዳላመመሽ አምናለሁ፤ ያለብሽን ግን ሁለታችንም አናውቅም» አልኳት። ገና አልተስማማችም።