የመጀመሪያው ቃል

በግፍ የተደፈረችን ሴት ለመቀበል የሚራራ ልብ ብቻ ይበቃልን? ወይስ ተቀባዩ አቀባበሉን አስቀድሞ መማር ይገባዋል? ርኅራኄ ከተፈጥሮ ነው እንጂ በትምህርት አይገኝም የሚል ብዙ ነው። ዳሩ ግን በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ የተጻፈው የትዕማር ታሪክ ይህን አሳብ ያናውጠዋል። አቤሴሎም እኅቱን ይወድ ነበር፤ በቤቱ አስቀመጣት፤ ሴት ልጁም በስሟ ተጠራች። ነገር ግን አመድ ነስንሳ እየጮኸች በመጣች ጊዜ የነገራት የመጀመሪያ ቃል ዝም እንድትልና ነገሩን በልቧ እንዳታኖረው ነበረ። ፍቅር አልጐደለውም፤ የጐደለው የሚናገረውን ማወቅ ነው።

ዛሬ ከገጠር መጥታ በጉርድ ሾላ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ እንዲህ ያለ ግፍ ቢደርስባት ወደ ማን ትሄዳለች? ወላጆቿ ሩቅ ናቸው፤ ያጠቃትም ምናልባት የምታድርበት ቤት ሰው ነው። ስለዚህ ወደ ፖሊስ ጣቢያ፣ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ፣ አለዚያም ወደ ንስሓ አባቷ ትሄዳለች። በዚያም «ለምን አልጮኽሽም?» የሚል ቃል ቢቀበላት አፍራ ትመለሳለች። የኤች አይ ቪን መያዝ የሚከላከለው መድኃኒት ግን በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውና የፖሊሱ ምርመራ በአንድ ስፍራ የሚገኝበት ማዕከል አለ፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው ደጅ የተመለሰች ልጅ ከዚያ አትደርስም።

አለመጮኽ መፍቀድ አይደለም። እጅግ የፈራ ሰው ሰውነቱ ሊደርቅ፣ ድምፁም ሊታፈን እንደሚችል ሐኪሞች ያስረዳሉ። ኦሪት ዘዳግም እንኳ በሜዳ ስለ ተያዘችው ብላቴና ሲፈርድ ምስክር ሳይፈልግ ጮኻ የሚያድናት እንዳጣች ይቈጥርላታል። በከተማ ስላለችው የተጻፈው ጥብቅ ነው፤ በር በተዘጋበት ቤት ያለች ሠራተኛ ግን በከተማ መካከል ሳለች በሜዳ ናት።

ፖሊስና ዳኛ መጠየቅ ግዴታቸው ነው ቢሉ፣ እውነት ነው። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 620 ለመድፈር ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ይወስናልና፣ ያለ ምርመራ መፍረድ ሌላ ግፍ ነው። ነገር ግን ጥያቄው ለብቻ በሆነ ክፍል፣ በየቢሮው ሳይደጋገም ቢጠየቅ እውነቱ አይቀንስም።

ከሁሉ የሚከብደው የንስሓ አባቱ ነገር ነው። እርሱ የኃጢአትን ኑዛዜ መስማት የለመደ ስለ ሆነ፣ የተበደለችውን እንደ በደለኛ ቈጥሮ ቀኖና ቢሰጣት የሌላውን ዕዳ ያስከፍላታል። ስለዚህ ፖሊሱና ነርሷ ከሚሠለጥኑበት ወንበር ላይ ካህኑም ቢቀመጥ አያሳፍረውም። የሚማረው ብዙ አይደለም፤ ሳያቋርጥ መስማት፣ «ልጄ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ማለት፣ ከዚያም ዛሬ ማታ የምታድርበት ስፍራ እንዳላት መጠየቅ ነው።