መካሪው፣ ዝምተኛውና ሸሺው

ክፉ ሥራ በምክር ቤት በሚወጠንበት ሰዓት ተጠያቂ የሚሆነው ሐሳቡን ያፈለቀው ብቻ ነው ወይስ ሰምቶ ዝም ያለውም ጭምር? ረቢ የሚባሉት የጥንት የአይሁድ መምህራን ይህን የግብረ ገብ ጥያቄ በአንድ ሰው ታሪክ ዙሪያ በብርቱ መርምረውታል፤ ይኸውም በኦሪት ዘኍልቍ ከምዕራፍ 22 እስከ 24 በሚነገርለት በቢዖር ልጅ በበለዓም ነው።

የሞዓብ ንጉሥ ባላቅ እስራኤልን እንዲረግምለት በለዓምን በክብርና በሀብት ተስፋ ያስጠራዋል፤ በለዓም ግን ለእርግማን በቆመበት ስፍራ መርቆ ይመለሳል። ትረካው በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ሰውየውን ክፉ ማለት ባስቸገረ ነበር። ነገር ግን ያው መጽሐፍ በምዕራፍ 31 ሕዝቡን ያሳተው ምክር የበለዓም እንደ ነበረና እርሱም በሰይፍ እንደ ወደቀ ይመሰክራል። የረቢዎቹ ፍርድ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው፤ አፉ መረቀ፣ ምክሩ ግን አጠፋ።

መምህራኑ ሰውየውን ሲኮንኑ ተሰጥኦውን አልካዱም። እንዲያውም ከአሕዛብ መካከል የሙሴ አቻ የሚሆን ነቢይ እርሱ እንደ ነበረ የሚያስተምር ትውፊት አላቸው። ስለዚህ ጥፋቱ ከድንቁርና የመነጨ አይደለም። በ200 እ.ኤ.አ. ገደማ በተጠናቀረው ሚሽና ውስጥ የሚገኘው የአባቶች ትምህርትም የአብርሃምን ደቀ መዛሙርት ከበለዓም ደቀ መዛሙርት የሚለየው በትውልድ ሳይሆን በጠባይ ነው፤ በአንድ ወገን ቅን ዓይን፣ ትሕትናና ልከኛ ፍላጎት፣ በሌላው ወገን ምቀኝነት፣ ትዕቢትና ስስት። እንግዲህ በለዓምነት በደም የሚወረስ ሳይሆን ተምረው የሚገቡበት ጠባይ ነው ማለት ነው።

የባቢሎን ታልሙድ ደግሞ ነገሩን ከሞዓብ አውጥቶ ወደ ፈርዖን አደባባይ ይወስደዋል። በዕብራውያን ላይ ክፉ በተመከረ ጊዜ ሦስት አማካሪዎች ነበሩ ይላል። በለዓም መከረ፤ ተገደለ። ኢዮብ ዝም አለ፤ ለሥቃይ ተዳረገ። ዮቶር ሸሸ፤ ዘሮቹ በኢየሩሳሌም መቅደስ ከዳኞች ጋር ለመቀመጥ በቁ።

በዚህ ፍርድ ውስጥ አንባቢን የሚከብደው የኢዮብ ዕጣ ነው። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው የአማርኛ ተረት ዝምታን እንደማይበላሽ እህል ይቆጥረዋል። ይህም በገበያና በጎረቤት መካከል ጥበብ ሊሆን ይችላል። በምክር ቤት ግን ዝምታ ባዶ ቦታ አይደለም፤ ገዥው እንደ ስምምነት ድምፅ ይቆጥረዋል። «ቢናገርስ ምን ይለውጥ ነበር?» የሚለው መከላከያም አይበቃም። ገዥ አማካሪዎችን የሚሰበስበው ምክር ፍለጋ ብቻ ሳይሆን ውሳኔው የአንድ ሰው እንዳይመስልም ነው፤ ስለዚህ የተከበረ ሰው ዝም ብሎ የተቀመጠበት ወንበር ራሱ ለዐዋጁ ማጽኛ ይሆናል።

የዮቶር ሽሽትስ? እጁን ከደም አንጽቷል፤ ሕፃናቱ ግን ወደ ወንዝ ከመጣል አልዳኑም። ሽሽት ብቻውን የበጎነት ፍጻሜ ነው ቢባል ኅሊና አይቀበለውም። ሆኖም ከፈርዖን ሰይፍ ያመለጠው ሙሴ ምድያም ሲደርስ ቤቱን የከፈተለት ይኸው ዮቶር ነው። ሸሺው ያጎደለውን የሚሞላው ለሌላ ሸሺ መጠጊያ ሲሆን ነው።

ነገሩ ለአብደራፊና ለመተማ ቆላ ባዕድ አይደለም። በ1625 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የታተመው ሴፌር ሃያሻር በለዓምን ወደ ኩሽ ያመጣዋል፤ በዚያም ንጉሡ ለጦርነት ሲወጣ በአደራ የሰጠውን ከተማ ከድቶ በቅጥር፣ በውኃና በእባብ ያጥረዋል፤ ሙሴም እባቦቹን በሽመላ አስበልቶ ከተማውን ያስለቅቃል። በአንደኛው ምዕት ዓመት የጻፈው ፍላቪየስ ዮሴፍ በለዓምን ሳይጠቅስ ተመሳሳይ የሙሴ ዘመቻ ይተርካል፤ ከተማይቱንም መርዌ ብሎ ከአስታቦራስ ወንዝ ጋር ያያይዛታል። አስታቦራስ የዛሬው አትባራ ነው፤ አንገረብና ጓንግም የዚህን ቆላ ውኃ ይዘው የሚወርዱት ወደ እርሱ ነው። ይህ ሁሉ ትውፊት እንጂ የታሪክ ማስረጃ አይደለም።

ማስረጃ ያለው የሰዎቹ ሽሽት ነው። በጎንደር አካባቢ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ኦሪትን በግዕዝ ሲያነቡ ኖረዋል፤ ታልሙድ ግን በእጃቸው አልነበረም። የሦስቱን አማካሪዎች ትረካ ከታልሙድ ባያነቡትም የዮቶርን መንገድ በእግራቸው ሄደውበታል። በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. በሺህ የሚቆጠሩት ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ በጉዞና በመጠለያ ወደ 4,000 የሚጠጉ እንዳለቁ ይገመታል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ሽሽቱ አቅጣጫውን ለውጦ በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ሆነ። ትናንት ሸሺ ያሳለፈ ቆላ ዛሬ ሸሺ ተቀባይ ሲሆን፣ የዮቶር በር ተረት መሆኑ ይቀርና ግዴታ ይሆናል።

በአይሁድ ልማድ ወደ ምኩራብ የሚገባ ሰው በለዓም የእስራኤልን ድንኳኖች ያደነቀበትን ቃል ይጸልያል። መምህራኑ ቃሉን ጠብቀው ሰውየውን ኮንነዋል። ለከያኒም ሆነ ለመምህር ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር የቃል ውበት ለተናጋሪው ነጻነት የማይመሰክር መሆኑ ነው። ሰው የሚመዘነው ምክር በተጠየቀ ጊዜ በሰጠው መልስ፣ መናገር ሲገባው ባሳለፈው ዝምታና ለተሰደደው በከፈተው በር ነው።