ሳይዋሹ ማታለል ይቻላልን?

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ አጭር ነው። ሰው አንዲት የሐሰት ቃል ከአፉ ሳይወጣ፣ ዝም በማለቱ ብቻ ባልንጀራውን ሊያታልል ይችላልን? ጥያቄውን ያገኘነው ከትምህርት ገበታ ላይ ሳይሆን ከአንዲት አሮጌ መኪና ጣራ ሥር ነው።

በምንኖርበት በጀርመን አገር ሰዎች ለዕረፍት የሚጓዙበት፣ በውስጡ አልጋና ምድጃ ያለው መኪና አለ፤ ካምፒንግ መኪና ይሉታል። ታሪኩም የቆየ ነው። የቮልክስዋገን ፋብሪካ ትንሿን አውቶቡስ መሥራት የጀመረው በ1950 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በዓመቱ በቪደንብሩክ የሚገኘው ዌስትፋልያ የተባለው ድርጅት በውስጧ የሚገጠም የመኝታና የማብሰያ ዕቃ አዘጋጀላት። ከዚያም ጣራው ወደ ላይ የሚነሣ ዓይነት መጣ። ጣራው ሲነሣ ዙሪያው በሸራ ይጋረዳል፤ ሰው ቀጥ ብሎ ለመቆም ይችላል፤ ከላይም ሁለት ሰው የሚያስተኛ አልጋ ይዘረጋል።

እኛም በሌሎች ከተሞች ወደሚከበሩ የንግሥ በዓላት ለመሄድ አስበን፣ ገንዘብ አዋጥተን እንዲህ ያለች መኪና ገዛን። የማን ሥራ እንደሆነች መናገር አያስፈልግም፤ ጉድለቷ ከዕድሜዋና ከእኛ ቸልተኝነት የመጣ ነውና።

በጥቅምት ወር ዝናቡ ሲጀምር፣ ከላይኛው አልጋ በግርጌ በኩል ብርድ ልብሱ ርሶ አገኘነው። ወዲያው ሲሊኮን ገዝተን ጠብታው በታየበት ቦታ ከውስጥ በኩል ቀባን። ጠብታው ቆመ። ደስ አለን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን በቁም ሣጥኑ በኩል ብቅ አለ። እዚያም ቀባን። ውሃው በመሸፈኛው ላይ የተወውን ቡናማ እድፍም ነጭ ቀለም ቀብተን አጠፋነው። መኪናዋ ዐዲስ መሰለች፤ የሻጋታ ሽታዋ ግን ዕለት ዕለት ይጨምር ነበር።

ከምእመናን መካከል የመኪና ጥገና ሙያ ያላቸው አንድ አባት አሉ። ጉዳዩን ስንነግራቸው መጥተው አዩና፣ «ልጆቼ፣ ውሃው እዚህ ወጣ እንጂ እዚህ አልገባም» አሉን። ውሃ በጣራው ጠርዝ በአንዲት ስንጥቅ ከገባ በኋላ ብረቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ የሚንጠባጠበውም ዝቅ ያለ ቦታ ሲያገኝ ነው። መኪናዋ ቁልቁል ስትቆም በአንድ በኩል፣ ሽቅብ ስትቆም በሌላ በኩል ያፈስስብን የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

አስቀድመው አንድ ጥያቄ ጠየቁን፤ «ዝናብ ባልዘነበበት ሌሊትስ ይርሳል?» አላየነውም ነበር። ዝናብ በሌለበት ሌሊት ተኝተን ስንነቃ ሸራው ከውስጥ በኩል ርጥብ ሆኖ አገኘነው። ያ ውሃ ከሰማይ አልወረደም፤ የገዛ ትንፋሻችን ከቀዝቃዛው ሸራና ብረት ሲገናኝ የፈጠረው ጤዛ ነበር። መስኮቱን በጥቂቱ ከፍተን ስንተኛ ያኛው ርጥበት ቀነሰ። በዝናብ ያመካኘነው ነገር ከፊሉ ከእኛው የወጣ ነበር።

ቀጥሎ አንዳችን ባትሪና ደረቅ ወረቀት ይዘን ከውስጥ ተቀመጥን፤ ሌላው ከውጭ በጎማ ቱቦ ቀስ አድርጎ ውሃ አፈሰሰ። ከታች ጀምሮ በየደረጃው ወደ ላይ ወጣ፤ ከላይ የጀመረ ሰው ሁሉንም በአንድ ጊዜ አርሶ መግቢያውን አይለይምና። ውሃው ከፊት በኩል የጣራው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ወረቀቱ ራሰ። በዚያ ያለው ማተሚያ ጎማ በፀሐይ ብዛት ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

መሸፈኛውን ስንገልጥ ግን ያየነው አሳዘነን። ከውስጥ የቀባነው ሲሊኮን ውሃውን ከመግባት አላገደውም፤ መውጫ አሳጥቶ በብረቱና በመሸፈኛው መካከል አስቀረው እንጂ። ብረቱ ዝጎ በአንዳንድ ቦታ በጣት ሲነካ ይፈረፈር ነበር። ሲሊኮኑንም እየፋቅን ለማንሣት ብዙ ደከምን፤ በእርሱ ላይ ቀለምም ሆነ ሌላ ማጣበቂያ አይዝምና። በመጨረሻ ጎማውን በዐዲስ ለወጥን፤ ማፍሰሱም ቆመ። የዛገውን ብረት ቆርጦ ለመበየድ ግን ገንዘብ አልነበረንም። መሸፈኛውን መለስነው፤ ምንም የሚታይ ነገር አልቀረም።

በጸደይ ወራት ለመዝሙር ክፍሉ አልባሳትና ከበሮ ለመግዛት ስንል መኪናዋን ለመሸጥ ወሰንን። ሕፃን የያዙ ባልና ሚስት ሊያዩ መጡ፤ ወደዷት፤ በማግሥቱ ገንዘቡን ይዘው እንደሚመጡ ነግረውን ሄዱ። ያን ሌሊት ተሰብስበን ተከራከርን። አንዱ፣ «አታፈስም ብንል እውነት ነው፤ ስለ ዝገቱ ካልጠየቁን አልዋሸንም» አለ። ሌላው፣ «ገዢ ዐይን አለው፣ ራሱ ይመርምር» አለ። ሦስተኛዋ፣ «ገንዘቡ እኮ ለቤተ ክርስቲያን ነው» አለች።

ይህ ክርክር ጥንታዊ ነው። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ሰው ግዴታዎች በጻፈው መጽሐፍ፣ ጉድለቱን ባለቤቱ ብቻ የሚያውቀውን ቤት ስለ መሸጥ ሁለት ፈላስፎች ያላቸውን አሳብ ያነጻጽራል። የባቢሎኑ ዲዮጋንስ እንደሚለው ሻጩ ማንንም አላስገደደም፤ ዝም ማለትም መደበቅ አይደለም። አንቲጳጥሮስ ግን መንገድ የጠፋውን ሰው እያወቁ አለመምራት ጥፋት ከሆነ፣ ገዢን እያወቁ ወደ ጉዳት መምራት ከዚያ ይብሳል ይላል። ሲሴሮም ከአንቲጳጥሮስ ጋር ይስማማል። እንደ እርሱ ፍርድ ዝምታ ሁሉ ማታለል አይደለም፤ ለራስህ ጥቅም ስትል፣ ማወቅ የሚገባው ሰው እንዳያውቅ ዝም ስትል ግን ማታለል ነው። የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 444 ጉድለትን በተንኰል የደበቀ ሻጭ «ኃላፊነት የለብኝም» በሚል ውል እንደማይድን ይደነግጋል።

እንግዲህ ሦስቱን ምክንያቶች እንመርምር። «አልጠየቁንም» ያልነው ለመጠየቅ የሚያበቃቸውን ምልክት ራሳችን በነጭ ቀለም አጥፍተን ነው። «ዐይን አላቸው» ያልነው ዐይን በማይደርስበት ቦታ ያለውን እያወቅን ነው። «ለቤተ ክርስቲያን ነው» ያልነው ደግሞ ከሁሉ ይከፋል፤ እግዚአብሔር ሐሰተኛ ሚዛንን እንደሚጸየፍ እየተማርን፣ በሐሰተኛ ሚዛን የተገኘውን ወደ ቤቱ ልናገባ አሰብን። በቀለም ብሩሽ የዋሸ ሰው አፉን ዘግቶ እውነተኛ ሊሆን አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባናል። የባልንጀራን ነውር መሸፈን ፍቅር ነው፤ ገልጦ ማውራት ሐሜት ነውና። የራስን ጉድለት በእርሱ ከሚጎዳው ሰው መሸፈን ግን ስርቆት ነው። ሁለቱም ዝምታ ይባላሉ፤ አንዱ ሌላውን ሰው ያድናል፣ አንዱ ራስን ብቻ ያድናል።

በማግሥቱ ባልና ሚስቱ ሲመጡ መሸፈኛውን ገልጠን አሳየናቸው። አመሰገኑን፤ ሳይገዙም ሄዱ። ከወር በኋላ ብየዳ የሚያውቅ ሰው ዝገቱን አይቶ፣ ዋጋውን አስቀንሶ ገዛት። ከበሮው ተገዛ፤ አልባሳቱ ግን እስከ ዛሬ አልተገዙም። በበዓል ቀን በአሮጌው ልብስ ስንቆም አንዳንዶቻችን እናፍራለን፤ ይህንንም አንደብቅም።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ኖኅ መርከቡን በውስጥም በውጭም በቅጥራን እንዲለቀልቅ ታዝዞ ነበር። እኛ ብዙ ጊዜ የምንቀባው ሰው በሚያየን በኩል ብቻ ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አያገኝም እንደሚባለው፣ በነፍሳችን ላይ ጠብታ ሲታይ እድፉን ለመሸፈን አንቸኩል፤ ከየት እንደገባ እንጠይቅ፤ ምናልባትም የገዛ ትንፋሻችን እንደሆነ እንመርምር። ለንስሐ አባታችን ስንቀርብም የጠየቁንን ብቻ መልሰን አንሂድ፤ መሸፈኛውን ራሳችን እንግለጥ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።