ጨዋታው ሲፈርስ

ጨዋታ ከቁም ነገር በተቃራኒ ቆሞ የሚታይበት ልማድ ዕድሜው ረዥም ነው። ሠራተኛ ይመሰገናል፤ ተጫዋች ይወቀሳል። ይሁን እንጂ አማርኛ ራሱ በዚህ ፍርድ የሚስማማ አይመስልም። ለእንግዳ «ተጫወት» ይባላል፤ ወግ የሚያሳምር ሰው «ጨዋታ ዐዋቂ» ተብሎ ይወደዳል። በአንዱ ቃል ውስጥ መዝናናትም፣ መነጋገርም፣ ከሰው ጋር መዋልም ተጠቃልለው ይገኛሉ። የኔዘርላንድስ ተወላጅ የነበረው የታሪክ ሊቅ ዮሃን ሁይዚንጋም እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው «ሆሞ ሉደንስ» በተሰኘው መጽሐፉ ጨዋታ ከባህል የሚቀድምና ባህልንም የሚወልድ ጠባይ መሆኑን አስረድቷል። እንግዲህ ጥያቄው ሰው ይጫወት ወይስ አይጫወት የሚል አይደለም። ጨዋታ የሰው መሣሪያ ሆኖ የሚቆየው እስከ የት ድረስ ነው? ሰውስ የጨዋታ መሣሪያ መሆን የሚጀምረው ከየት ላይ ነው?

ይህ ጥያቄ በታላላቅ ከተሞች ብቻ የሚነሣ አይደለም። ከሚዛን ተፈሪ ተነሥቶ በሸኮ በኩል ወደ ቴፒ በሚዘልቀው የቡና ምድርም፣ እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ሁሉ፣ ጨዋታ ከደጅ ወደ ቴሌቪዥንና ወደ እጅ ስልክ እየገባ ነው። ትናንት ጆተኒና ከረንቡላ የሚጫወተው ወጣት ዛሬ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ ጆይስቲክ ይጨብጣል። መሣሪያው ቢለወጥም የቤቱ ሕግ አልተለወጠም፤ ተሸናፊ ይከፍላል፣ ባለ ተራ ይተካል።

የዚህ ቤት ደንበኛ ስለ ጨዋታና ስለ ኑሮ የሚሰነዝራቸው አስተያየቶች እንደ ዋዛ የሚነገሩ ናቸው፤ ነገር ግን ሁሉም ዋዛ አይደሉም። አንዱ «ከመጠጥ ቤት ይሻላል» ይላል። ይህ ደካማ መከራከሪያ ነው፤ ከባሰ ነገር መሻል ብቻውን በጎነት አይሆንምና። ሌላው «መሸነፍን ተማርኩበት» ይላል። በዚህ ውስጥ እውነት አለ፤ በጓደኛው ፊት አሥር ጊዜ ተሸንፎ፣ ከፍሎና ስቆ የሚነሣ ወጣት ትዕግሥትን በመጠኑ ለምዷል። ሦስተኛው አስተያየት ግን ከሁሉ ይከብዳል፤ «ጨዋታ አያዳላም፣ የደከምክበትን ይከፍልሃል» የሚለው ነው።

ይህን ቃል የቡና ገበሬ ልጅ ሲናገረው ትርጉሙ ይጠልቃል። የቡና ችግኝ ተተክሎ የመጀመሪያውን ፍሬ ለመስጠት ሦስት ወይም አራት ዓመት ይፈልጋል። ከዚያም በኋላ ቀዩ ከአረንጓዴው እየተለየ በእጅ ይለቀማል፣ ይሰጣል፣ ይገለበጣል። ይህ ሁሉ ተደክሞ ዋጋው የሚወሰነው ለቃሚው በማያየው ሩቅ ገበያ ነው፤ የአረቢካ ቡና የዓለም ዋጋ መለኪያ ኒው ዮርክ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። በጨዋታው ውስጥ ግን ጥረትና ዋጋ በደቂቃ ውስጥ ይገናኛሉ፤ ደንቡም ለባለጸጋውና ለድኻው አንድ ነው። ስለዚህ ወጣቱ ወደ ጨዋታው ሲሸሽ ጨዋታው በኑሮ ላይ ምስክርነት እየሰጠ ነው። ኑሮው ምን እንደ ነፈገው ሳይመረምር ወጣቱን «ሰነፍ» ብሎ የሚያልፍ ወቃሽ ግማሽ ፍርድ ብቻ የሰጠ ዳኛ ነው።

የቀረው ግማሽ ግን ጨዋታውን ራሱን የሚመለከት ነው። ሕፃናት ሲለያዩ «ጨዋታው ፈረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ» ይላሉ። በዚህ አባባል ውስጥ አንድ ሙሉ የሥነ ምግባር ትምህርት ተቀምጧል፤ ጨዋታ የሚፈርስ ነገር ነው፣ ሲፈርስም ወደ ማዕድና ወደ ሰው ይመልሳል። የአገሩ ጨዋታዎች ሁሉ በዚህ ሕግ ሲመሩ ኖረዋል። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው ጥናት እንዳሳየው በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የገበጣ ዓይነት ብዙ ነው፤ ነገር ግን ጠጠሮቹ የተቆጠሩ ናቸውና ጨዋታው ያልቃል። ድብብቆሽ የተደበቁት ሲገኙ ያበቃል። የቡና ጨዋታ እንኳ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስተኛው ላይ ይመረቃል፤ ከዚያም ሁሉም ወደ ሥራው ይነሣል።

የኤሌክትሮኒክስ ጨዋታም በባሕርዩ ይህን የሚጻረር አይደለም። አሌክሲ ፓዢትኖቭ እ.ኤ.አ. በ1984 በሞስኮ የሳይንስ አካዳሚ የኮምፒዩተር ማዕከል ሲሠራ የፈጠረው «ቴትሪስ» ከላይ የሚወርዱ ቅርጾችን የመደርደር ጨዋታ ነው። ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ክፍተቱ ይሞላል፣ ተጫዋቹም በስተመጨረሻ ይሸነፋል። የኳስ ጨዋታውም ፉጨት አለው። ችግሩ የሚጀምረው ፉጨቱን ማስቀረት ትርፍ ከሚያስገኝበት ቦታ ነው። በነፃ ከሚታደሉት የስልክ ጨዋታዎች ብዙዎቹ እንዳይፈርሱ ሆነው ይሠራሉ፤ ዛሬ ያልገባ የዕለት ስጦታው ይቀርበታል፣ የቸኮለ ገንዘብ ከፍሎ ይቀድማል፣ ውስጡ የማይታወቅ ሣጥንም ለሽያጭ ይቀርባል። ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2018 እንዲህ ያለውን የሣጥን ሽያጭ ከቁማር ቆጥራ ከልክላለች። እዚህ ላይ ተጫዋቹ ደንበኛ ብቻ አይደለም፤ ትኩረቱና ጊዜው ራሳቸው የሚለቀሙ ፍሬ ሆነዋል።

የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀውና በ2022 ሥራ ላይ የዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ የጨዋታ ሱስን ሲያካትት መመዘኛ ያደረገው የሰዓት ቁጥርን አይደለም። ራስን መግታት አለመቻልን፣ ጨዋታን ከሌላው ሕይወት ሁሉ ማስቀደምን፣ ጉዳቱ እየታየም መቀጠልን ነው። ይህ መመዘኛ የሕክምና ብቻ ሳይሆን የነፃነትም መመዘኛ ነው፤ «በቃኝ» ማለት የቻለ ተጫውቷል፤ ያልቻለ ተጫውተውበታል። በመሆኑም በሰዓት ቁጥር ብቻ የሚሰጥ መፍትሔ ጎዶሎ ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 ከ18 ዓመት በታች ያሉት በኢንተርኔት የሚጫወቱት ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓል ቀን አንዳንድ ሰዓት ብቻ እንዲሆን ደንግጋለች። ሕግ በር ይዘጋል፤ «በቃኝ» የሚለውን ኅሊና ግን በሕፃኑ ውስጥ አይተክልም። ያን የሚተክለው አስተዳደግ ነው።

ከዚህ ላይ የመምህሩና የኪነ ጥበብ ሰው ኃላፊነት ይመጣል። ጆይስቲክ የጨበጠውን ተማሪ ማባረር ቀላል ነው፤ ከጨዋታው በኋላ የሚሄድበትን ማዘጋጀት ግን ከባድ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ከተዘጋ፣ ሜዳው ከታጠረ፣ የቴአትር መድረኩ ባዶ ከሆነ፣ ጨዋታው ቢፈርስ የሚቆረሰው ዳቦ የት ነው? የጨዋታው ይዘትም የጥበብ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» እና «ገበጣ» የተሰኙ የስልክ ጨዋታዎችን መሥራቱ መሣሪያው የአገሩን ሰው ምናብ መሸከም እንደሚችል አሳይቷል። ሆኖም የአገር ስም መልበስ ብቻውን አያድንም፤ የአገሩን ጨዋታ ሕግ፣ ማብቃትንና ወደ ሰው መመለስን፣ መውረስም ያስፈልጋል።

ስለዚህ ወጣቱ በዋዛ የተናገረው በቁም ነገር ሊመለስለት ይገባል። ጨዋታ አያዳላም ካለ፣ የኅብረተሰቡ ተግባር ጨዋታውን ከእጁ መንጠቅ አይደለም፤ በቡናው ማሳ፣ በትምህርት ቤቱና በሥራ ቦታውም ድካምና ዋጋ የሚገናኙበትን ኑሮ መገንባት ነው። የወጣቱም ድርሻ አለ። ገበጣውን የሚያውቅ ሰው ጠጠሩ የተቆጠረ መሆኑን አይረሳም። የሰው ዕድሜም እንደዚያው የተቆጠረ ነው፤ ልዩነቱ ይህኛው ጠጠር አንድ ጊዜ ከተዘራ እንደገና የማይለቀም መሆኑ ነው።