የቆጡና የብብቱ

የእህቴ ልጅ ጎባ ተወልዶ ያደገ ነው፤ አሁን ሜሪላንድ ይኖራል። ሐሙስ ሐሙስ ማታ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር በቦውሊንግ ሊግ ይጫወታል። ባለፈው ወር ደውሎ «ጋሼ፣ አማካይ ውጤቴ ወርዶ ቡድኑን እየጎዳሁት ነው» አለኝ። ምክንያቱንም አልደበቀኝም። ከሊጉ ጎን ውርርድ አለ፤ የፈለገ አምስት አምስት ዶላር ያዋጣል፣ በምሽቱ ብዙ ስትራይክ የመታ ጠቅልሎ ይወስዳል። እናቱ ይህን ስትሰማ የመለሰችለት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።»

መጀመሪያ እኔም ከእህቴ ጋር ነበርኩ። ሂሳቡም ለእሷ ያደላል። ቦውሊንግ አሥር ዙር አለው፤ በየዙሩ አሥሩን ፒን ለመጣል ሁለት ውርወራ ይሰጥሃል። በመጀመሪያው ሁሉንም ከጣልክ ስትራይክ ነው፤ 10 ተይዞልህ የሚቀጥሉት ሁለት ውርወራዎች ይደመሩልሃል። በሁለተኛው ከጨረስክ ስፔር ይባላል፤ የሚደመርልህ የሚቀጥለው አንድ ውርወራ ነው። አንዱ ተጫዋች ስትራይክ የሚባል ሳይመታ በየዙሩ 9 ጥሎ የቀረችውን አንዷን በሁለተኛው ቢለቅም፣ የአሥረኛው ዙር ስፔር በሚያስገኘው ጭማሪ ውርወራም 9 ቢጥል፣ 190 ያገኛል። ሌላው አንድ ዙር ስትራይክ፣ አንድ ዙር 9 ጥሎ አንዷን እየሳተ ቢጨርስ፣ አምስት ስትራይክ መትቶ ውጤቱ 140 ነው። የውርርዱን ገንዘብ ሊበላ ይችላል፤ ቡድኑ ግን 50 ነጥብ አጥቷል።

ከተረቱ ጋር ያጣላኝ ሪራ ነው። ከጎባ ተነስተህ ሳነቴን፣ ያንን ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ብርዳም ሜዳ አቋርጠህ ወደ ሐረና ጫካ ቁልቁል ስትወርድ፣ ጉሙና ቀርከሃው ሲጀምር ሪራን ታገኛለህ። እዚያ ቀፎው የሚሰቀለው ረጃጅም ዛፍ ላይ ነው። የሪራ ሰው ማሩ ቆጥ ላይ ነው ማለት ነው። የቆጡን አታውርድ ብትለው ልጆቹን በምን ያለብሳል?

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ አንድ አባት ለመውጣት ሲዘጋጁ አይቻለሁ። ጋቢያቸውን አውልቀው አጣጥፈው ለልጃቸው ሰጡ። ዱላቸውን ዛፉ ሥር አስደገፉ። ከኪሳቸው ብር አውጥተው እሱንም ለልጁ አስያዙ። ከዚያ ገመዱን በግንዱና በወገባቸው ዙሪያ አስረው፣ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተለጥጠው ሞከሩት። መውጣት የጀመሩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ብብታቸው ባዶ ነበር።

የተረቷ ሴትዮ ጥፋት እዚህ ጋ ታየኝ። መመኘቷ አይደለም። የያዘችውን ሳታስቀምጥ እጇን ማንሳቷ ነው። ተረቱ ግን ይህን ለይቶ አይናገርም፤ ቀና ያለውን ሁሉ አንድ ላይ ይገሥጻል። አነስተኛ ንግድ ልጀምር ላለች ሴት፣ የማታ ትምህርት ልመዝገብ ላለ ዘበኛ ሲነገር ሰምቼዋለሁ፤ በሰማሁ ቁጥርም አንጀቴ ያራል። ቆጡ ላይ ያለውን በሰላም ስላወረዱት ሴቶች ተረት ያልተረትነው ለምንድን ነው?

ቢሆንም ጨርሼ ልጥለው አልችልም። ሮቤ ላይ በስፖርት ውርርድ ቤት በር ሳልፍ የቤት ኪራዩን ትኬት ላይ ያስያዘ ወጣት አያለሁ። የስንት ጨዋታ ግምት በአንድ ትኬት ያስራል፤ አንዱ ከተበላሸ ሁሉም ተበላሸ። ያ ልጅ ኪራዩን ዛፍ ሥር አላስቀመጠም፤ ይዞት ወጥቷል። ለእሱ እህቴ ያለችው ልክ ነው።

ለእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ አልነገርኩትም። ስለ ሪራው አባት ብቻ አጫወትኩት። «ጋሼ፣ የእኔ ችግር ግን ለሁለቱም የምወረውረው ያንኑ አንድ ኳስ መሆኑ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። «እንግዲያው አምስት ዶላሯን ገና ስትገባ እንደጠፋች ቁጠራትና፣ ስትወረውር የቀረችውን አንዷን ፒን ብቻ እያት» አልኩት።

ባለፈው ሐሙስ ሦስት ስትራይክ መታ። ውርርዱን ሌላ ሰው በላው። እሱ ግን በአሥሩም ዙር የቆመ ፒን አላስቀረም።