በሰው ስም ደንበኛ መጥራት

አንድ ነጋዴ ፈልገው ወደማያውቁት ሰፈር ሄዱ እንበል። መንገድ የጠየቁት ሰው የነጋዴውን ስም እንደሰማ፣ ሱቁን ከማሳየቱ በፊት የተፎካካሪውን ደጃፍ አመለከተዎት። ለዚህም ከተፎካካሪው ገንዘብ እንደሚከፈለው ኋላ ሰሙ። አልዋሸዎትም፤ ነገር ግን ቅር አይልዎትምን?

በኢንተርኔት ንግድ ይህ የዘወትር ሥራ ሆኗል። ጉግል ሰዎች ለፍለጋ የሚጽፏቸውን ቃላት ለአስተዋዋቂዎች በጨረታ ይሸጣል፤ ከነዚህም መካከል የሌላ ድርጅት የንግድ ስም ይገኝበታል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ሉዊ ቪቶን ባነሳው ክርክር እ.ኤ.አ. በ2010 በሰጠው ውሳኔ፣ ስሙን ለጨረታ በማቅረቡ ብቻ ጉግል የንግድ ምልክት እንደጣሰ አይቆጠርም አለ። አስተዋዋቂው ግን ዕቃው የማን እንደሆነ ተራው ሰው በቀላሉ መለየት ካልቻለ ይጠየቃል። በ2011 ደግሞ ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር የተባለው የእንግሊዝ መደብር ኢንተርፍሎራ የሚለውን ስም ለአበባ ማስታወቂያው መግዛቱን በሚመለከት ያው ፍርድ ቤት ውሳኔ ሰጠ። ኢንተርፍሎራ የብዙ ነጻ አበባ ሻጮች ማኅበር በመሆኑ፣ መደብሩም ከአባላቱ አንዱ ሊመስል እንደሚችል ፍርድ ቤቱ አመልክቷል።

ሕጉ በዋናነት የሚጠይቀው «ገዢው ተሳስቷል ወይ?» ብሎ ነው። ለሙስሊም ነጋዴ ይህ ይበቃዋልን?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲራራ ነጋዴዎችን ገበያ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ተቀብሎ መግዛትን ከልክለዋል። ነገሩ አንድ ነው አልልም፤ ሲራራው የገበያውን ዋጋ አያውቅም፣ የዛሬው ገዢ ግን ሁለቱም ስሞች ከፊቱ ናቸው። ደግሞስ ስም አጥር አይደለም። «የእገሌ ዕቃ ይህን ያህል ያወጣል፣ የኔ በዚህ ይረክሳል» ብሎ እውነቱን በግልጽ የሚያወዳድር ነጋዴ ገዢውን ይጠቅማል እንጂ ማንንም አይበድልም። ልጅዎ በኢንተርኔት የሚነግድ ከሆነ፣ የራሱን ስም በጉልህ ጽፎ እንደሆነ ይጠይቁት።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የባለስሙ ነገር ነው። ለዓመታት በታማኝነት ያቆመው ስም ሲፈለግ ሌላው እንዳይቀድመው ብሎ፣ በገዛ ስሙ ላይ ጨረታ ይገባል። ገዢው በተጫነው ቁጥር ይከፍላል። ያ ወጪ በዕቃው ዋጋ ላይ ሲታከል፣ ስሙን አምኖ የመጣው ደንበኛም ከፋይ ይሆናል።