ሰው በባሕር ፍጥረት ላይ ያለው ሥልጣን

እግዚአብሔር በዕለተ ሐሙስ የባሕርን ፍጥረት ፈጥሮ እንዲበዛ ባረከው። ሰው ግን በማግሥቱ በዕለተ ዓርብ ተፈጥሮ በባሕር ዓሦች ላይ ገዥነት ተሰጠው። እንግዲህ ኋላ የተሰጠው ገዥነት ቀድሞ የተሰጠውን በረከት ይሽራልን?

ለዚህ ጥያቄ አንድ ታሪክ ምስክር ይሆናል። በ1741 በአውሮጳ አቈጣጠር የቪቱስ ቤሪንግ መርከብ ከመስኮብ አገር ወጥቶ ሲመለስ ከካምቻትካ በስተ ምሥራቅ ሰው በሌለባት ደሴት ተሰበረ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ጌዎርግ ስቴለር የሚባል የጀርመን ሊቅ ነበረ። እርሱም በባሕሩ ዳር የባሕር ቅጠል የሚግጥ፣ ጥርስ የሌለው፣ ርዝመቱ ከ7 ሜትር የሚበልጥ፣ ሰውንም የማይሸሽ የባሕር ላም አገኘ፤ ለክቶ መርምሮም ጻፈ። ሴቲቱ በተወጋች ጊዜ ወንዱ እስከ ዳር ድረስ እንደ ተከተላት፣ ከሞተችም በኋላ ተመልሶ እንደ መጣ መሰከረ።

የተራቡት መርከበኞች የእንስሳውን ሥጋ በልተው ነፍሳቸውን አዳኑ። በዚህ የሚፈርድባቸው የለም፤ ዳዊትም በተራበ ጊዜ የተቀደሰውን ኅብስት በልቷልና። ኋላ የመጡት የቈዳ አዳኞች ግን ለስንቅ እያሉ ያለ ልክ ወጉት፤ ቈስሎ ወደ ጥልቁ ገብቶ በከንቱ የሚሞተውም ብዙ ነበረ። የስቴለር መጽሐፍ በ1751 ታተመ፤ የባሕር ላም ግን በ1768 ፈጽሞ ጠፋ። ሊቁ ካየው 27 ዓመት መሆኑ ነው።

ምናልባት «አዳኞቹ ቍጥሩን አላወቁም፤ እያንዳንዱም የገደለው ጥቂት ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የጐተራውን ልክ ሳያውቅ የሚዘግን መጋቢ ባለማወቁ አይመሰገንም። አለማወቅ የመፍራት ምክንያት እንጂ የመድፈር ፈቃድ አይደለም።

ዕውቀትም ብቻውን አያድንም፤ መጽሐፉ እያለ እንስሳው ጠፍቷልና። ዕውቀት የሚጠቅመው እጅን ሲሰበስብ ነው። ዛሬ ሊቃውንት ዓሣ አንበሪዎችን በጅራታቸው ምልክት እየለዩ ይቈጥራሉ። መንግሥታትም ለንግድ የሚደረገው አደን እንዲቆም በ1982 ወስነው ከ1986 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋሉት፤ ያልተቀበሉት ቢኖሩም ለመጥፋት ቀርበው ከነበሩት ወገኖች አንዳንዶቹ እንደ ገና በዙ።

የጠፋው የባሕር ላም ዘመድ የሆነው ዱጎንግ ዛሬም በቀይ ባሕር ሣር ሲግጥ ይገኛል፤ በዓሣ አጥማጆች መረብ ተይዞም ይሞታል። ማንም ሊገድለው ሳይሻ መሞቱ ሰውን ከተጠያቂነት አያወጣውም። ገዥነት መጋቢነት ነው፤ መጋቢም የሚመረመረው በበላው ብቻ ሳይሆን በእጁ ሳለ በጠፋው ጭምር ነው።